የቤታችሁን ስፕሪንክለር ከእናንተ በቀር የሚያየው የለም

ቤታችሁ ስፕሪንክለር፣ ማለትም እሳት ሲነሳ ከኮርኒስ ውሃ የሚረጭ መስመር፣ ካለው አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ የት ነው? አሁን ክፍት ነው ዝግ? ወዲያው መመለስ ከቻላችሁ ጎበዝ ናችሁ። ካልቻላችሁ ንባቡን አቁማችሁ ሄዳችሁ ፈልጉት። ከዚህ በታች ከምጽፈው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ሥራዬ የእሳት መከላከያ መስመሮችን መግጠምና መጠገን ነው። ትልልቅ ሕንፃም የግል ቤትም እሠራለሁ። የሚያሳስበኝ ግን የግል ቤቱ ነው። ሆቴል ወይም ሆስፒታል ውስጥ የጥገና ክፍል አለ፣ ጊዜውን ጠብቆ የሚመጣ ተቆጣጣሪ አለ፣ ወረቀቱ ካልተሟላ የሚጮህ ኢንሹራንስ አለ። ቤት ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። ብዙዎች የሚከተሉት የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ማኅበር (ኤንኤፍፒኤ) ደረጃ ራሱ ሁለቱን ለያይቶ ነው የሚያያቸው። ለትልልቅ ሕንፃዎች ምርመራና ጥገና ብቻ የተጻፈ ቁጥር 25 የሚባል ራሱን የቻለ ሰነድ አለ። ለአንድና ለሁለት ቤተሰብ መኖሪያዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 መጀመሪያ የወጣው 13ዲ አለ። እሱ በአብዛኛው ስለ አገጣጠሙ ነው የሚናገረው። ሲስተሙን በደህና ሁኔታ የማቆየቱን ኃላፊነት ለባለቤቱ ሰጥቶ ያልፋል።

ባለቤቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲስተሙን ያስገጠመው ሰው አይደለም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ፣ ዌልስ ከ2016 ጀምሮ አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ቤት ሁሉ ስፕሪንክለር እንዲኖረው ሕግ አላቸው። ቤቶቹ ተሸጡ፣ ተከራዩ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሰው ገባባቸው። መመሪያው ከመጀመሪያው ባለቤት ጋር አብሮ ሄደ። አሁን እዚያ የሚኖረው ሰው ኮርኒሱ ላይ ያለችውን ክብ ነገር የጭስ አላርም ትመስለዋለች።

እንዴት እንደምትሠራ እንግባባ፤ ጥገናው ከዚያ በኋላ ራሱ ይገባችኋል። ያቺ ክብ ነገር መርጫ ትባላለች። አብዛኛዋ የቤት መርጫ መሃሏ ላይ ቀጭን የብርጭቆ ብልቃጥ አላት። ብልቃጧ ውስጥ ቀለም ያለው ፈሳሽና አንዲት ትንሽ የአየር አረፋ አለች። ሙቀት ሲመጣ ፈሳሹ ይለጠጣል፣ አረፋዋ ትጠፋለች፣ ብልቃጧ ትሰበራለች። ውሃውን አፍኖ የያዘው ክዳን ይወድቃል፣ ውሃው ይወጣል። በቃ። ኤሌክትሪክ የለም፣ ኮምፒውተር የለም። የፈሳሹ ቀለም በስንት ዲግሪ እንደምትሰበር ይነግራችኋል፦ ብርቱካናማ 57 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ቀይ 68፣ ቢጫ 79፣ አረንጓዴ 93። በብልቃጥ ፈንታ በሙቀት የሚቀልጥ ብየዳ ያላቸውም አሉ።

ፊልም ላይ አንድ ሰው ላይተር ይለኩስና ሕንፃው ሙሉ ይዘንብበታል። እንዲህ አይደለም። ጭስ መርጫ አይከፍትም፤ የሚከፍታት ሙቀት ብቻ ነው። ሙቀቱ ያልደረሰባት መርጫ ዝም ብላ ትቀመጣለች። በመኖሪያ ቤት እሳት ብዙውን ጊዜ አንዲት መርጫ ትበቃለች። ይህን ደግሜ ደጋግሜ የምናገረው ውሃውን ከእሳቱ በላይ የሚፈሩ ሰዎች ስላሉ ነው። ፈርተው ቫልቩን የዘጉም አጋጥመውኛል።

እሳቱን ደግሞ መፍራት አለብን። የዛሬ ሶፋ ውስጡ ስፖንጅ ነው፣ መጋረጃውም ምንጣፉም ከፕላስቲክ የተሠራ ክር ነው። ዩኤል የሚባለው የአሜሪካ የሙከራ ተቋም ሁለት ሳሎን ሠርቶ ሁለቱንም አቃጥሎ ነበር። አንዱን በድሮ ዓይነት ዕቃ፣ ሌላውን በዛሬ ዕቃ ሞላው። የዛሬው ሳሎን አራት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ከወለል እስከ ኮርኒስ በአንዴ ተቀጣጠለ። የድሮው 29 ደቂቃ አልፎታል። ከአራት ደቂቃ በታች ማለት ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ ምን እንደሆነ ገብቶት፣ ልጆቹን ሰብስቦ የሚወጣበት ጊዜ ነው። እሳት አደጋ መኪና እስኪደርስ እማ ብዙ ነገር ያልቃል። የቤት ስፕሪንክለር የተሠራው ለዚህች ክፍተት ነው። ክፍሉ ሙሉ በሙሉ እንዳይቀጣጠል ይይዘዋል፣ እናንተ ትወጣላችሁ። በ13ዲ መሠረት ውሃው በአብዛኛው ሁለት መርጫ ለ10 ደቂቃ እንዲያጠጣ ነው የሚሰላው። ትርፍ የለውም። ስለዚህ ያቺን ትንሽ ውሃ የሚቀንስ ማንኛውም ነገር ከባድ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቫልቩ እንምጣ። የአሜሪካ መረጃዎች እንደሚያሳዩት ስፕሪንክለር ሊሠራ ሲገባው ሳይሠራ ከቀረባቸው እሳቶች ከግማሽ በላይ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ውሃው ተዘግቶ ነበር። መርጫዋ ደህና፣ ቧንቧው ደህና፣ ውሃው የለም። እዚያው አገር ስፕሪንክለር ባላቸው መኖሪያ ቤቶች በእሳት የመሞት መጠን ከሌላቸው ጋር ሲነጻጸር ከ85 በመቶ በላይ ዝቅ ይላል። ይህን ሁሉ ጥቅም በአንዲት እጀታ ዜሮ ማድረግ ይቻላል። እኔን ይህ ያበሳጨኛል። በእውነት ያበሳጨኛል።

እንዴት ነው የሚዘጋው? ማንም በክፋት አይዘጋውም። መታጠቢያ ቤት ቧንቧ ይፈሳል፣ የቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል፣ ሠራተኛው ያገኘውን ቫልቭ ሁሉ ይዘጋል፣ ሥራውን ይጨርሳል፣ ከዚያ የመታጠቢያውንና የማብሰያውን ውሃ ከፍቶ፣ ሲፈስ አይቶ፣ ተደስቶ ይሄዳል። የስፕሪንክለሩ ውሃ ቢመጣ ባይመጣ ማን ያውቃል? ማንም አይቀዳበትም። ሻወር ቤት ውሃ ሲጠፋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይታወቃል፤ የስፕሪንክለር ውሃ ሲጠፋ ዓመታት ያልፋሉ። አንድ ቤት ሌላ ሥራ ልሠራ ገብቼ የመስመሩን የግፊት መለኪያ ሳይ መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቷል። ቫልቩ መቼ እንደተዘጋ የሚያውቅ ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ሦስት ልጆች የሚያድጉበት ቤት ነው። እጀታውን ከፍቼ ውሃው እየሞላ ሲሄድ ስሰማ ደስታም ንዴትም አንድ ላይ ነው የተሰማኝ።

ስለዚህ እጀታውን ማንበብ ልመዱ። ጠፍጣፋ ወይም ረጅም እጀታ ያለው ቫልቭ ከሆነ፣ እጀታው ከቧንቧው ጋር በአንድ አቅጣጫ ሲሆን ክፍት ነው፣ ቧንቧውን አቋርጦ ሲቆም ዝግ ነው። በመሃል ሰያፍ ከቆመ ግማሽ ዝግ ነው፣ እሱም አይበቃም። ክብ መሪ ያለው ከሆነ በዓይን አይታወቅም፤ ወደ መክፈቻው አቅጣጫ በቀስታ አዙሩት፣ እንቢ ካለ ክፍት ነው። ካያችሁት በኋላ በክፍትነቱ ቆልፉት። ትንሽ ሰንሰለትና ቁልፍ ይበቃል፣ የላስቲክ ማሰሪያም ከምንም ይሻላል፤ ዋናው ነገር ሰው ሳያስብ እንዳይነካው ነው። አጠገቡ ወረቀት ለጥፉ፦ «የእሳት ስፕሪንክለር ነው። ከዘጋችሁት ለባለቤቱ ንገሩ።» አቅም ካለ ደግሞ ቫልቩ ሲዘጋ ድምፅ የሚያሰማ ማንቂያ ይገጠምለታል። ከሁሉ የሚሻለው ግን መጀመሪያ ሲገጠም ለቤቱ ውሃና ለስፕሪንክለሩ አንድ የጋራ መዝጊያ ብቻ ማድረግ ነው። ስፕሪንክለሩ ከተዘጋ ሻወሩም ይዘጋል፣ ሻወር የሌለበት ሰው ደግሞ ዝም አይልም።

የቧንቧ ሠራተኛውን ከሸኛችሁ በኋላ ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ። እመኑት፣ ግን እዩ።

ሁለተኛው ጠላት በቅን ልብ የሚገዛ ዕቃ ነው። የውሃ ማጣሪያ፣ ውሃውን የሚያለሰልስ መሣሪያ፣ ግፊት መቀነሻ። አንድም ቀን ስለ እሳት ሳታስቡ «ውሃችን ይጥራ» ብላችሁ ዋናው መስመር ላይ ታስገጥማላችሁ። እነዚህ ሁሉ ግፊት ይበላሉ። ሻወር ላይ ልዩነቱ አይታወቅም፣ ሁለት መርጫ በአንዴ ሲከፈት ግን ይታወቃል። ስፕሪንክለሩና የቤቱ ውሃ አንድ መስመር የሚጋሩ ከሆነ 13ዲ ዋናው መዝጊያ አጠገብ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ያዛል። ፍሰት የሚቀንስ፣ ግፊት የሚያወርድ ወይም ውሃውን በራሱ የሚዘጋ መሣሪያ ያለ ባለሙያ ምርመራ አትጨምሩ፣ ይህንንም ምልክት አታንሱ ይላል። ቤታችሁ ካለ እንዳትነቅሉት። ከሌለ ራሳችሁ ጻፉት።

«በራሱ የሚዘጋ» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አሁን እየበዛ የመጣው እሱ ነው። ቧንቧ ሲፈነዳ አውቆ ዋናውን ውሃ የሚዘጋ፣ ስልክ ላይ መልእክት የሚልክ ዘመናዊ ቫልቭ አለ። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ቤትን ከጎርፍ ያድናል። ግን አስቡት፦ ማንም ውሃ በማይቀዳበት ሌሊት ድንገት ብዙ ውሃ ያለማቋረጥ መፍሰስ ይጀምራል። መሣሪያው ይህን ሲያይ ቧንቧ ፈነዳ ብሎ ይዘጋል። የተከፈተች መርጫና የፈነዳ ቧንቧ ለሱ አንድ ናቸው። እሳቱ ላይ እየዘነበ ያለውን ውሃ ያቋርጠዋል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የስፕሪንክለሩ ቅርንጫፍ ከዋናው መስመር መጀመሪያ ይለይ፣ መሣሪያው ከዚያ በኋላ በቤቱ ውሃ ላይ ብቻ ይገጠም። ቧንቧው መታጠቢያንም መርጫንም በአንድ መረብ የሚያጠጣ ዓይነት ከሆነ ግን መለየቱ ቀላል አይደለም፣ ባለሙያ ሳታማክሩ አትንኩት። ማጣሪያም ቢሆን እንደዚሁ ነው። የውሃ ቆጣሪ ተቀይሮ በትንሽ ከተተካም ጠይቁ፣ ጠባብ ቆጣሪ ፍሰት ያንቃል።

ቀለም! ስለ ቀለም ብዙ ማለት እፈልጋለሁ። ቤት ሲታደስ ቀለም ቀቢው ኮርኒሱን ነጭ አድርጎ ሲጨርስ መርጫዋም ነጭ ሆና ትገኛለች። ለዓይን ያምራል። ግን ቀለም ብልቃጧን እንደ ጋቢ ይሸፍናታል፣ ሙቀቱ ዘግይቶ ይደርሳታል። ክዳኑንም ከአቃፊው ጋር ያጣብቀዋል፣ ብልቃጧ ብትሰበርም ላይወድቅ ይችላል። ከፋብሪካ ቀለም ውጭ ቀለም የነካት መርጫ ደንቡ አንድ ነው፤ ትቀየራለች። በቲነር አትጸዳም፣ በምላጭ አትፋቅም። ሰዎች «ትንሽ ፍንጣቂ ናት እኮ» ይሉኛል። ፍንጣቂዋ የት እንዳረፈች፣ ውስጥ ገብታ ምን እንዳጣበቀች ከታች ቆሞ ማወቅ ስለማይቻል ነው የምንቀይራት።

ኮርኒስ ውስጥ ተደብቀው በጠፍጣፋ ክብ ክዳን የተሸፈኑት ደግሞ የባሰ አደጋ አለባቸው፣ ምክንያቱም ስፕሪንክለር አይመስሉም። ያ ክዳን በብየዳ የተያያዘ ነው፤ ብዙ ጊዜ 57 ዲግሪ አካባቢ ብየዳው ይቀልጥና ክዳኑ ይወድቃል፣ ከዚያ መርጫዋ ትወርዳለች። በክዳኑ ዙሪያ ያለችው ስስ ክፍተትም ያለ ምክንያት አልተተወችም፣ ሙቀቱ በእሷ ገብቶ ነው ወደ ውስጥ የሚደርሰው። ቀለም ቀቢው መጥቶ ክዳኑን ቀብቶ፣ ክፍተቷን በስቱኮ ወይም በሲሊኮን ሞልቶ «አስተካከልኩት» ይላል። ሙሉ በሙሉ አሽጓታል። ክዳን ሲጠፋም እንዲሁ የሚመሳሰል ክዳን ተፈልጎ በሙጫ ይለጠፋል። እንዳታደርጉት። የክዳኑ ቀለም ካልጣማችሁ ከአምራቹ በምትፈልጉት ቀለም ታዝዛላችሁ። ኮርኒስ ከመቀባቱ በፊት ቀለም ቀቢውን መርጫዎቹን አንድ በአንድ እየዞራችሁ አሳዩት፣ በስስ ፌስታል ወይም ወረቀት ይሸፈኑ፣ ቀለሙ እንዳለቀ ሽፋኑ በዚያው ሰዓት ይነሳ። ተረስቶ የቀረ ፌስታልም ያው ሽፋን ነው።

መርጫ ላይ ልብስ አይሰቀልም። የልደት ጌጥ አይታሰርም። ይህን ብዙ አላብራራም፤ ብልቃጧ ብርጭቆ ናት፣ ከኋላዋ ግፊት ያለው ውሃ አለ።

ዕቃ አቀማመጥ ላይ ግን ልብ በሉ። ውሃው ከመርጫዋ እንደ ጃንጥላ ተከፍቶ ነው የሚወርደው፣ ግድግዳውንም ጭምር እንዲያርስ ነው የተሠራው። ኮርኒስ የሚነካ ቁም ሳጥን፣ የተቆለለ ካርቶን፣ አዲስ የተገጠመ የኮርኒስ ማራገቢያ ወይም ትልቅ መብራት ያን ጃንጥላ ይቆርጠዋል። ከመርጫዋ በታች 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ይሁን የሚባለው ለዚህ ነው። አንዱን ክፍል ለሁለት ከከፈላችሁት ደግሞ አንደኛው ክፍል መርጫ አልባ ሆኖ ይቀራል፤ ግድግዳው ከመቆሙ በፊት ቧንቧ መጨመር አለበት። ማብሰያ ቤት ሲታደስ ምድጃው ቦታ ከቀየረ መርጫዋ ትክክለኛው ዲግሪ መሆኗን አስጠይቁ። ምድጃ፣ ማሞቂያና የፀሐይ ብርሃን የሚያስገባ መስኮት አጠገብ ከፍ ያለ ዲግሪ ያላት መርጫ ነው የምትቀመጠው፤ አለዚያ እሳት ሳይኖር ልትከፈት ትችላለች።

ቧንቧው ራሱስ? በቤቶች ብዙ የሚገጠመው ሲፒቪሲ የሚባለው ብርቱካናማ የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። አይዝግም፣ ቀላል ነው፣ ጥሩ ነው። ግን ኬሚካል ላይ ስስ ነው። አንዳንድ ዘይት፣ አንዳንድ የሚረጭ ፎም፣ አንዳንድ ማሸጊያ ሲነካው ውሎ አድሮ ይሰነጥቀዋል። የኤሌክትሪክና የኢንተርኔት ገመድ የሚዘረጋ ሠራተኛ ኮርኒስ ውስጥ ያገኘው ቧንቧ ላይ ገመዱን ማሰር ይወዳል፤ የገመዱ ሽፋን ውስጥ ያለው ማለስለሻም ቧንቧውን ሊጎዳው ይችላል። ከኮርኒስ በላይ የሚሠራ ሰው ሲመጣ «ብርቱካናማውን ቧንቧ አትንኩ፣ ምንም ነገር እንዳታስሩበት» በሉት።

ውሃ በረዶ የሚሆንበት አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ መስመሩ ያለበት ቦታ ሁሉ ከ4 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ነው የሚፈለገው። ጣሪያ ሥር ያለው ቧንቧ የሙቀት መከላከያው ከተነሳ አንድ ሌሊት ይበቃዋል፣ ይሰነጠቃል። አንዳንድ የቆዩ ቤቶች መስመራቸው ውስጥ አንቲፍሪዝ፣ ማለትም ውሃው በረዶ እንዳይሆን የሚጨመር ፈሳሽ፣ አለ። ይሄ ትልቅ ታሪክ አለው። አንቲፍሪዙ ሲበዛ ፈሳሹ ራሱ የሚቀጣጠል ይሆናል፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 በአንድ መኖሪያ ቤት እሳት ላይ ከመርጫ የወጣው ድብልቅ ተቀጣጥሎ ሰው ከሞተ በኋላ፣ ኤንኤፍፒኤ በ2010 ለአዳዲስ ቤቶች አገደው። በኋላ በሙከራ የተመሰከረላቸው ብቻ ተፈቀዱ። ቤታችሁ መስመር ውስጥ ምን እንዳለ ካላወቃችሁ በባለሙያ አስመርምሩት። የመኪና አንቲፍሪዝ ግን በምንም ዓይነት አይጨመርም፣ መርዝ ነው።

ግፊቱ ከመንገድ መስመር የማይበቃቸው ቤቶች ታንከርና ፓምፕ አላቸው። እነሱ ከሌላው ሁሉ በላይ ዓይን ይፈልጋሉ። አንዲት መርጫ በደቂቃ 50 ሊትር ትጠጣለች ብለን ብንይዝ፣ ሁለቱ በ10 ደቂቃ 1,000 ሊትር ይጨርሳሉ። ታንከሩ ውስጥ ያን ያህል አለ? ተንሳፋፊው ተጣብቆ ታንከሩ ግማሽ የቀረበት ቤት አይቻለሁ። ፓምፑን በወር አንዴ አስነሱት፤ ለወራት ያልዞረ ፓምፕ ሊጣበቅ ይችላል፣ ሲነሳም ብሬከሩን ሊጥለው ይችላል። ብሬከሩ ላይ «አይጥፋ፣ የእሳት ፓምፕ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ፓምፑ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አሁን አስቡት።

በወር አንዴ ቤቱን ዙሩ። ቫልቩ፣ መለኪያው፣ ከዚያ እያንዳንዷ መርጫ። ከታች ሆናችሁ ማየት ይበቃል። አረንጓዴ ዝገት፣ የውሃ ጠብታ ምልክት፣ ባዶ የሆነች ብልቃጥ፣ ቀለም፣ ማብሰያ ቤት ደግሞ የዘይት ጉድፍ። አቧራና የሸረሪት ድር በአቧራ መምጠጫ ሳይነካ በርቀት ይሳባል፤ በጨርቅ አይታሽም፣ በሳሙና አይታጠብም። በላይተር ደግሞ አትሞክሯት። ይህን የጠየቁኝ ሰዎች አሉ።

በስድስት ወር አንዴ ውሃ ይለቀቅ። አብዛኛው ቤት መስመሩ መጨረሻ ላይ ወይም ቫልቩ አጠገብ መሞከሪያ ቧንቧ አለው። አላርሙ ከጥበቃ ድርጅት ጋር የተያያዘ ከሆነ መጀመሪያ ደውላችሁ ንገሯቸው፣ ለጎረቤትም ንገሩ። መለኪያውን አንብባችሁ ጻፉ። መሞከሪያውን ሙሉ ክፈቱ። ደወሉ ወዲያው ካልጮኸ አትደንግጡ፤ የውሃ ግፊት ለአፍታ ሲንቀጠቀጥ በሐሰት እንዳይጮህ ሆን ተብሎ ይዘገያል። አንድ ደቂቃ ተኩል ድረስ ጠብቁ፣ ከዚያ በላይ ዝም ካለ ባለሙያ ጥሩ። ውሃው እየፈሰሰ ሳለ መለኪያውን እንደገና አንብቡ። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው ወርቁ። ካለፈው ጊዜ በጣም ከወረደ የሆነ ቦታ የተደፈነ ወይም ግማሽ የተዘጋ ነገር አለ። ለዚህ ነው ጻፉ የምለው፤ አንድ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የብረት ቧንቧ ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ጥቁርና የሚሸት ሊሆን ይችላል፣ የቆመ ውሃ ስለሆነ ነው። ይህ ውሃ ወደ መጠጥ ውሃው እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ ካለ እሱን በዓመት አንዴ ባለሙያ ይፈትሸው።

መርጫ አንድ ቀን ከተከፈተች፣ እሳት አደጋ ሠራተኞች «ጠፍቷል» ሳይሉ ውሃውን አትዝጉ። እሳቱ የጠፋ መስሎ ከሶፋው ውስጥ ሊነሳ ይችላል። ከዚያ የተከፈተችው ትጣላለች፣ አጠገቧ ሆነው የጋሉትም ይታያሉ። ምትኳ ራሷን የምታክል ብቻ ሳትሆን ያው ዓይነት መሆን አለባት፤ የሞዴል ቁጥሯ፣ ዲግሪዋ፣ የምትለቀው የውሃ መጠን። መርጫዋ ላይ የተጻፈውን ኮድ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ሁለት ሦስት ምትክ መርጫና የራሷን መፍቻ ቤት ውስጥ አስቀምጡ፣ እሑድ ማታ ከየት ይመጣል? መግጠሙን ግን ለሚያውቅ ተዉት፤ በተራ መፍቻ ብልቃጧ የታቀፈችበትን ክንድ ይዞ የሚያጠብቅ ሰው እዚያው ያበላሻታል።

መርጫ የሌለባቸውን ቦታዎችም እወቁ። 13ዲ ትንንሽ መታጠቢያ ቤቶችን፣ ትንንሽ ቁም ሳጥኖችን፣ ጋራዥንና ሰው የማይኖርበትን የጣሪያ ሥር ብዙ ጊዜ ያልፋቸዋል። እሳት ከጋራዥ ሊነሳ ይችላል። ደግሞም መርጫ የምትነቃው በሙቀት ስለሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚጤስ እሳት ጭሱ እናንተን ሲያፍን እሷ ገና ላትሰማ ትችላለች። የጭስ አላርም ስለዚህ አይቀርም። ስፕሪንክለር አለን ብለው ባትሪውን ያወጡ ሰዎች አሉ። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

የመጨረሻው ዕድሜዋ ነው። ደህና መርጫ ረጅም ትኖራለች፣ ዘላለም ግን አትኖርም። ለትልልቅ ሕንፃዎች የተጻፈው ሰነድ ለቤት እንደሚገጠሙት ዓይነት ፈጣን መርጫዎች 20 ዓመት ሲሞላቸው ጥቂቶቹ ተነቅለው ላብራቶሪ እንዲፈተኑ ወይም ሁሉም እንዲቀየሩ ይል ነበር፤ የቅርብ እትሙ 25 ዓመት አድርጎታል። ቤቶችን ባያስገድድም እኔ ለደንበኞቼ የምመክረው ይህንኑ ነው። ከዚያ በፊትም መጠየቅ ያለበት አንድ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2001 አሜሪካ ውስጥ ውስጣቸው የላስቲክ ቀለበት ያላቸው በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መርጫዎች ከገበያ እንዲመለሱ ተደርጎ ነበር፤ ላስቲኩ እያረጀ፣ ዝገትና የውሃ ደለል እየያዘው፣ በእሳት ጊዜ ላይከፈቱ እንደሚችሉ ስለታወቀ ነው። ከውጭ ፍጹም ጤነኛ ይመስላሉ። ቤታችሁ እ.ኤ.አ. ከ2001 በፊት የተሠራ ከሆነ የሞዴሉን ስም አስጣሩ። የተመረተችበት ዓመት መርጫዋ ላይ ተጽፏል፤ ለተደበቁት ክዳኑን ባለሙያ ያንሳላችሁ፣ ለሌሎቹ መሰላልና የእጅ ባትሪ ይበቃችኋል።